ሽሮ ሜዳ ያጠረው ቀሚስ

እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ስለ ልብስ የማውቀው ቢበዛ ሸሚዜ ከሱሪዬ ጋር ይሂድ አይሂድ ነው፤ እሱንም ባለቤቴ ካላየችልኝ እርግጠኛ አልሆንም። ስለዚህ ስለ ጅቡቲ የፋሽን ሳምንት ልጽፍ ነው ብል የሚስቅብኝ ቢኖር አልቀየምም። ግን ነበርኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ፣ መሐረቤን በእጄ ጨምድጄ፣ ዓይኔን ሳልነቅል አይቻለሁ። የወደድኩትንም የጠላሁትንም እስካሁን አስታውሳለሁ።

የሄድኩት በእህቴ ምክንያት ነው። ታናሽ እህቴ ጅቡቲ ከገባች ብዙ ጊዜዋ ነው። ሆዳን በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች፣ ስታጥብ፣ ስትተኩስ፣ ልጅ ስታሳድግ ነው የኖረችው። የቤቱ እመቤት፣ እኛ ማዳም የምንላቸው፣ ድሬዳዋ ያደጉ ጅቡቲያዊት ስለሆኑ አማርኛ ይችላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን እህቴ ከእሳቸው ቤት ውጭ መኖር ትችላለች የሚል ሐሳብ መጥቶላቸው አያውቅም። የስፌት መኪና ገዝታ ካርቲየ 2 በሚባል ሌላ ሰፈር አንዲት ክፍል ስትከራይ አልተቆጧትም፤ ሳቁባት። የፋሽኑ ሳምንት እስኪያልፍ ሌላ ሠራተኛ እንደማይቀጥሩ፣ ክፍሏም እንዳለ እንደሚቆያት ነገሯት። ደግነት ነው ካላችሁ ደግነት ነው። እህቴ ግን ያን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልነበራትም። ከሦስቱ ምሽቶች አንዱ አዳዲስ ሰፊዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ነበር፤ «ሳምንት» ይበሉት እንጂ ነገሩ ሦስት ምሽት ብቻ ነው። እሷም እንድታቀርብ ተፈቅዶላታል። ያ ምሽት ካልሆነላትና ደንበኛ ካላገኘች፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሆዳን መመለሷ ነው። ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ስለምናውቀውም አናወራውም ነበር።

ሐሳቧ ቆንጆ ነበር። ጅቡቲዎች ዲራዕ የሚሉት ስስና ሰፊ ቀሚስ አለ፤ ሴቶቹ ለሰርግም ለበዓልም ይለብሱታል። ሲሰፋ ከለባሿ ቁመት በጣም እንዲረዝም ተደርጎ ነው። ከሥሩ፣ ጫፉ በዳንቴል ያጌጠ የውስጥ ጉርድ ይለበሳል። ከዚያ ቀሚሱ ወገብ ላይ ሰብሰብ ተደርጎ ይነሣና ጉርዱ ውስጥ ይሸጎጣል፤ ዳንቴሉ በአንድ በኩል ብቅ ይላል። እህቴ ይህንኑ ቀሚስ በሸማ፣ ጫፉ ላይ ጥለት ያለበት አድርጋ ልትሠራው ፈለገች። አንዱን በወርቃማ ጥለት፣ ሌላውን በሰማያዊ። ሽሮ ሜዳ ላሉ አንድ ሸማኔ ልኩን በስልክ ነገረቻቸው። እኔ ደግሞ ተቀብዬ እንዳመጣ ታዘዝኩ።

ጨርቁን በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታስሮ ተረከብኩ። ከወንበሬ ጀርባ ባለው መኝታዬ ላይ አስቀመጥኩትና ግሪስ እንዳይነካው እየተጠነቀቅኩ፣ እኔ ጠርዝ ላይ እየተኛሁ፣ ጅቡቲ ድረስ አወረድኩት። አልከፈትኩትም። ብከፍተውስ ምን ላውቅ።

ካርቲየ 2 ስደርስ እህቴ በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ጨርቁን ስትፈታ መጀመሪያ ደስ አላት። ሽመናው ከመሳሳቱ የተነሣ ከበስተጀርባው ጣቷ ይታያል። ጥለቱም ያማረ ነበር። ከዚያ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ወደ ታች አየች። ጥለቱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆሟል። ሁለተኛውን ፈታች፤ እሱም እንደዚያው። ልክ የሐበሻ ቀሚስ ቁመት። ወገብ ላይ ሰብሰብ ተደርጎ ቢነሣ ጉልበት ላይ ነው የሚቀረው። ጨርቁን እንደያዘች አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

እኔ ንዴቴ ቅርብ ነው። ስልኬን አውጥቼ ሸማኔው ዘንድ ደወልኩ፤ ስድቤን ሁሉ አዘጋጅቼ። ሰውየው ግን ልኩን አልረሱትም። ልጅቷ ተሳስታ ነው ብለው አስተካክለውላት ነው። እንዲያውም ምስጋና የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ፣ ጥለት መሬት ሲጠርግ ዝም ብዬ ልሸምን?» አሉኝ። «ወገብ ላይ እንደሚነሣ ማን ነገረኝ?»

ያዘጋጀሁትን ስድብ ተውኩት። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ደግሞ እውነታቸውን ነው፣ ማንም አልነገራቸውም። እህቴ ዲራዕ ስታጥብና ስትተኩስ ስለኖረች፣ ለምን እንደሚረዝም የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። ሸማኔው ደግሞ ጥለቱን አቧራ ላይ የምትጎትት ሴት ያለች አልመሰላቸውም። የኔዋ ባለቤት ብትሆን ታክሲ ስትሳፈር ከራሷ በፊት የምትሰበስበው የቀሚሷን ጫፍ ነው። ጤና ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁት።

ትርኢቱ በማግስቱ ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ ማስመጣት የማይታሰብ ነገር ሆነ። አጭር ልጅ ፈልጊና አልብሻት የሚል ምክር ሰጠሁ፤ በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። ሞዴሎቹ የሚመረጡት በቁመት እንደሆነ፣ ከመካከላቸውም ከእሷ የምታጥር አንዲት እንኳ እንደሌለች ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ በኋላ ምክር መስጠት ተውኩ።

ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ጨርቆች አልጋው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ስታያቸው ቆየች። በመጨረሻ መቀሱን አነሣችና ሰማያዊ ጥለት ያለውን ከመሐሉ ቆረጠችው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ያህል መንገድ ጠርዝ ላይ የተኛሁለት ጨርቅ ነው። እሷ ግን አንድ ቀሚስ ይበቃኛል ብላ፣ ከሰማያዊው ላይ ሰፊ ቁራጭ ወስዳ በወርቃማው ወገብ ላይ መቀጠል ጀመረች። ብልሃቱ ይህ ነበር፦ ቅጥሉ የዋለው ልክ የሚሸጎጠው ቦታ ላይ ነው፤ ቀሚሱ ሲነሣ እጥፉ ይሸፍነዋል። አንድ ችግር ግን አለ። ሁለቱ ነጮች አንድ ዓይነት ነጭ አልነበሩም። አንዱ የጠራ ወተት፣ ሌላው አጥሚት ጠብ ያለበት ወተት ነው። እጥፉ ከተፈታ ቅጥሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በማግስቱ ገላዬን ታጥቤ፣ ለሰርግ ብቻ የምለብሳትን ኮት ለብሼ ሄድኩ። ባሕሩ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ መድረኩ ተዘርግቷል። እህቴ በጓሮ በኩል ስትገባ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው አየሁ፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ከመድረኩ ይልቅ የበሩ ይበልጥ ነበር። አንዷ አረንጓዴ ዲራዕ ለብሳ፣ እግሯ ላይ የስፖርት ጫማ አድርጋ፣ ባለ ተረከዙን ጫማዋን በፌስታል ይዛ ከታክሲ ወረደች፤ ማንንም ሳታፍር ግድግዳ ተደግፋ ቀየረች። አንድ ወጣት ደግሞ የሚያንጸባርቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ቆሟል። የወደብ ሠራተኛ መስሎኝ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ኋላ ከውጭ የመጣ ዲዛይነር መሆኑን ሰማሁ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን አንድ አዛውንት ናቸው። ሽርጣቸው ላይ አመድማ የሱፍ ኮት ደርበው፣ ጢማቸውን በሂና አቅልተው፣ ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው ያልፋሉ። ፎቶ አንሺዎቹ ሮጡባቸው። እሳቸው ጫቱ ሳይጠወልግ ቤታቸው ለመድረስ የቸኮሉ ስለሆኑ በእጃቸው ገሸሽ አድርገዋቸው አለፉ። ለትርኢቱ የመጡ አልነበሩም፤ መንገዳቸው ነው። ኮቱ ትከሻቸው ላይ ያረፈበትን ሁኔታ ባየሁ ጊዜ የራሴን ኮት ቁልፍ ፈታሁ።

መድረኩ ላይም ጥሩ ጥሩ ነገር ነበር። አንዷ ሰፊ ከቡላኦስ ገበያ በሚገዙ የአንገት ልብሶች ብቻ ሙሉ ቀሚስ ሠርታለች፤ ቢጫው ከብርቱካኑ፣ ብርቱካኑ ከሐምራዊው እየተጣላ፣ ልጅቷ ስትራመድ ግን ሁሉም ይታረቃሉ። አንዷ ጥቁር አባያ ለብሳ ወጣችና ስትዞር ገበሩ ደማቅ ቀይ ሆኖ ተገለጠ፤ ሴቶቹ በደስታ ተንጫጩ። ከመኪና ሸራ የተሠራ ጃኬትም አየሁ። እሱን እንኳ እኔም ልፈርድበት እችላለሁ፦ ስፌቱ ዝናብ ያስገባል፣ ሸራውም የተጠቀሙበት ሳይሆን አዲስ ነው። ሰዎች አጨበጨቡለት፤ እኔ አላጨበጨብኩም።

ማዳም ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር። ማራገቢያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝና በጭንቅላታቸው ሰላም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የእህቴ ቀሚስ እስኪወጣ ያለፈውን በደንብ አላየሁም።

ወጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠይም ጅቡቲያዊት ልጅ። ሸማው መብራቱን ያስተላልፋል፤ ወርቃማው ጥለት ከመሬት ከፍ ብሎ በአንድ በኩል ያዘነብላል፤ ከሥሩ የጉርዱ ዳንቴል ብቅ ይላል። የእኛም ነው፣ የእነሱም ነው። አለቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ልጅቷ መድረኩ ጫፍ ደረሰችና ዞረች። በዚያው ቅጽበት ከባሕሩ ነፋስ መጣ፤ ቀሚሱን ሞላውና እጥፉ ከጉርዱ ተላቀቀ። ጨርቁ መውረድ ጀመረ። ቅጥሉ ሊታይ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደረገጥኩ ሁሉ እግሬን መሬቱ ላይ ጫንኩ።

ልጅቷ አልደነገጠችም። አልቆመችምም። የጅቡቲ ሴት ሁሉ በየመንገዱ የምታደርገውን ነው ያደረገችው፤ ዘንቢሏን ይዛ፣ ልጇን አዝላ፣ ከሻጭ ጋር እየተከራከረች፣ ሳታስበው የምታደርገውን። በአንድ እጇ ጨርቁን ጠቅለል አድርጋ ሰበሰበችና እየተራመደች ወገቧ ውስጥ መልሳ ሸጎጠችው፤ ከዚያ ዳሌዋን መታ አደረገች። ግቢው ውስጥ ያሉት ሴቶች በአንድ ድምፅ ሳቁ፤ እልልታው ቀለጠ። እያንዳንዷ ራሷን ነው ያየችው። ሆን ተብሎ የተደረገ የመሰላቸውም ብዙ ናቸው።

እፎይ አልኩ። እንዲህ ጮክ ብዬ እፎይ ብዬ አላውቅም፤ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ዞረው አዩኝ። ትከሻዬ ወረደ፣ መሐረቤም ከእጄ ወደቀ። እህቴ መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ ሰፊዎች ጋር ስትወጣና ጎንበስ ብላ እጅ ስትነሣ መድረኩ ላይ ወጥቼ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ከትርኢቱ በኋላ ጓሮ ተገናኘን። ደረቴ ላይ ተደገፈችና «ወንድም ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጥኩም» አለችኝ። ወንበር ፈልጌ ሳልጨርስ ማዳም መጡ። ሰው ሁሉ ስለ ቀሚሱ እያወራ እንደሆነ ያልሰሙ ይመስል ቀጥ ብለው እሷ ፊት ቆሙ። እህቴ ከለመደችው የተነሣ እጆቿን ፊት ለፊት አጣምራ ቆመች። አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ሆዳን ስላለው ክፍሏ ሊያነሡ ነው ብዬ አሰብኩ።

«ወገቡ ላይ ቅጥል አለው» አሏት ማዳም። «ሌሎቹ አላዩም። እኔ ግን እጅሽን አውቃለሁ።»

እህቴ አልካደችም። አዎ፣ አለው አለች።

ማዳም ማራገቢያቸውን አጠፉ። የልጃቸው ሰርግ መቃረቡን፣ የሙሽራዋ እናት ሆነው የሚለብሱት እስካሁን እንዳላገኙ፣ ቅጥል የሌለበት እንዲሆን እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ከዚያ፣ እህቴ እሳቸው ቤት በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ጠይቀዋት የማያውቁትን ጠየቋት።

«ለልክ መቼ ልምጣ?»

እህቴ እጆቿን ፈታች። ካርቲየ 2 ያለው ክፍሏ ውስጥ አንድም የሚጠብቃት ሥራ እንደሌለ፣ ጠዋት እንኳ የምታነሣው ክር እንደማይኖራት እኔ አውቃለሁ።

«ሐሙስ ከሰዓት ይምጡ፣ ማዳም» አለቻቸው። «ጠዋት ጠዋት አይመቸኝም።»

ማዳም «እሺ» አሉ።