እናትየዋን ግደያት

የማርከር ሽታ እስካሁን ያስጠላኛል። ዛሬም ቢሮ ውስጥ አንዱ ክዳኑን ነቅሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ሲጀምር፣ ያ አሰልጣኝ ከተማችን ሶዶ የሰነበተበት ሳምንት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ያኔ አገሩ ሁሉ በሥልጠና የተጥለቀለቀበት ዘመን ነበር። እኛ የትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ልጆች ነን። እሱ ደግሞ አጓጊ ልብወለድ አጻጻፍ ሊያስተምረን ከአዲስ አበባ በአበል የተላከ ሰው። ራሱ አንድ ገጽ ልብወለድ መጻፉን የሰማ አልነበረም። ትልቅ ወረቀት ላይ ተራራ ሣለና ጫፉን በማርከር እየደበደበ፣ “ጡዘት! ጡዘት የሌለው ታሪክ ሬሳ ነው!” አለን። እኛም ጅሎቹ ተራራውን ደብተራችን ላይ ገለበጥን።

ጓደኛዬ የጻፈችው ስለ እናቷ ነበር። እናቷ በገበያ ቀን ተበላ ወደምትባለው ከተማ ወርዳ ሙዝ ታመጣለች። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ልጆቿ እግሯን በሞቀ ውሃ ያጥቧታል፤ እግሯ ሳይታጠብ የገበያውን ወሬ አትጀምርም። የአቧራው ሽታ፣ የኩራዙ ብርሃን፣ ሳፋው ውስጥ የሚንቦጫረቀው ውሃ፣ ሁሉም ነበረበት። ስታነብልኝ ባያልቅ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

አሰልጣኙ አዛጋ። “እና ምን ተፈጠረ? እግር ታጠበ! አንባቢ ከመጀመሪያው መስመር መደንገጥ አለበት። እናትየዋን ግደያት።”

የመማር ጉጉቷ አይጣል ነበርና፣ ገደለቻት።

በመዝጊያው ዕለት ወላጆች ተጠርተው አዳራሹ ሞላ። እናቷ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ጓደኛዬ መድረክ ላይ ወጥታ፣ “እናቴ የሞተችው ከተበላ ስትመለስ ነው” ብላ ጀመረች። ዘግይታ በር ላይ የደረሰች ጎረቤታቸው ይህንን ብቻ ሰማች። እሪ ብላ ደረቷን እየመታች ወደ መንገዱ ወጣች። እኛ ጋ ለቅሶ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ባጃጅ ነጂው፣ አቮካዶ ሻጯ፣ ሁሉም እያለቀሱ ገቡ።

አሰልጣኙ አጨበጨበ። “አያችሁ? ጡዘት ይሄ ነው!” አለ፤ ሟቿ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሥልጠና ተካፍያለሁ፤ እንዲህ ያለ ደደብ ግን አላጋጠመኝም።

ለቅሶው ጋብ ሲል እናትየዋ ልጇን በወላይትኛ፣ “ምን በድዬሽ ነው?” አለቻት። ጓደኛዬ አንደኛ መውጣቷን የሚገልጽ ሰርተፍኬት ተሰጣት፤ ከዚያ በኋላ አንድ መስመር አልጻፈችም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት እናቷ በእውነት አረፈች፣ አልጋዋ ላይ፣ በእርጅና። ለቅሶ ልደርሳት ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሟሟቷን ለሚጠይቅ ሁሉ የሚመልሱት ወንድሞቿ ነበሩ።

“እኔ አንዴ ተናግሬዋለሁ” አለችኝ ጓደኛዬ።

ቀጥላም እጆቿን እያየች፣ “ለመጨረሻ ጊዜ፣ ከመገነዟ በፊት እግሯን ሳጥባት” አለች፣ “ወሬ ትጀምራለች ብዬ ጠበቅኋት።”