ወንበሩን ሁሉ የያዘችው ዘሊካ

ይማም ሱዳን ውስጥ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ተወልዶ ያደገ የወሎዬዎች ልጅ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጠ ምሳውን ይረሳል፤ የረሳውን እኔ እበላለታለሁ። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ላለ፣ በኢትዮጵያ ድንበር በኩል ወዳለችው ገዳሪፍ ለሚጭን አንድ የአውቶቡስ ቢሮ የቲኬት ፕሮግራም የሠራው እሱ ነው። እኔ እዚያው በር ላይ የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘሊካ የምትባል የቤት ሠራተኛ ሻንጣዋን እየጎተተች መጣች። የነገው አውቶቡስ ካመለጣት አገር ቤት የእህቷ ሰርግ ያልፋታል። ቲኬት ቆራጩ ኦመር ስሟን ሲያስገባ ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ተዘጋ። ሱዳኖች ስማቸውን እስከ ቅድመ አያት አራት አድርገው ይጽፋሉ፤ ፕሮግራሙም የሚጠብቀው አራት ነው፤ የዘሊካ ፓስፖርት ላይ ያለው ግን ሦስት ብቻ ነው። ኦመር አራተኛ ከራሴ ልጨምርልሽ ቢላት፣ ኬላ ላይ ከፓስፖርቴ ካልገጠመ ያወርዱኛል ብላ እምቢ አለች። ደግ ሰው ነውና "ያላ፣ መራ ታኒያ"፣ በይ እንደገና እያለ፣ አንዱ ወንበር አልሆን ሲለው ሌላውን እየመረጠ ደጋገመው። በመጨረሻ ስክሪኑ አውቶቡሱ ሞልቷል አለ። ዘሊካ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንጀቴን በላችውና ለይማም ደወልኩ።

ይማም መጥቶ ስክሪኑን ሲያይ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ሳቀ።

"እህቴ፣ የቀሩትን ወንበሮች ሁሉ የያዝሻቸው አንቺው ነሽ" አላት።

ፕሮግራሙ ሌላ ቆራጭ እንዳይሸጠው መጀመሪያ ወንበሩን ይቆልፋል፣ ስም ይጽፋል፣ ከዚያ ቁልፉን ይከፍታል። ስሙ ላይ ሲደናቀፍ ግን መክፈቻው ጋ ሳይደርስ ይቋረጣል፤ ወንበሩም እንደተቆለፈ ይቀራል። ይማም ሲሞክረው የነበረው በራሱ ስም ነው፤ እሱ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ባለ አራት ስም ነው። የአባቱ አገር ሰው ሦስት ላይ እንደሚያበቃ ጭራሽ ትዝ አላለውም። እንደ ልቤ አላገጥኩበት።

የተቆለፉትን ከፈተ። መክፈቻውንም ምዝገባው ቢሳካም ባይሳካም ሁልጊዜ ወደሚሠራ ክፍል አዛወረው፤ ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ ከመዘጋት ይልቅ የጎደለውን እንዲናገር አደረገ። ሦስት ስምም ይበቃል ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሆን ብሎ ያለ ስም ሞከረው፤ ፕሮግራሙ ስም ይጎድላል አለና ወንበሩን ወዲያው ለቀቀ።

የዘሊካ ቲኬት ወጣ። ዐረብኛ ማንበብ ስለማትችል ይማም አነበበላት፦ ዘሊካ እንድሪስ አራጋው። ድገመው አለችው፤ ደገመላት።

"እዚህ አገር በሙሉ ስሜ ስጠራ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ኦመር ተሳፋሪ ሲጠራ፣ እሷ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ አያቷ ጠራት። ዘሊካ "አቤት" ብላ ስትወጣ ደስታዋ እኔንም ተጋባብኝ።