አጎቴ «ኸላስ» ካላሉ መኪና አይወጣም

አብሬያቸው የሠራሁት አጎቴ፣ የሱዳኗ ገዳሪፍ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ካረፉ አርባ ቀናቸው ሞላ።

«ትልቅ ዲናሞ በቀጭን ሽቦ? መኪናህን ልታቃጥል ነው?» ብለው ሹፌሮችን ይቆጡ ነበር። ገጥመው ሲጨርሱ ሞተሩን አስነስተው፣ መብራቱን ሁሉ አብርተው፣ ሽቦውን በመዳፋቸው ይይዙ ነበር። ካልሞቀ፣ «ኸላስ፣ በሰላም ሂድ» ይሉ ነበር፤ በዓረብኛ «አለቀ» ማለት ነው።

ትናንት ወደ ገላባት መድኃኒት የሚያመላልስ ሹፌር አሮጌ ላንድክሩዘሩን አመጣ። የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ስለጨመረበት የድሮው ዲናሞ አልቻለውም። ትልቁን በወፍራም ሽቦ ገጠምኩለት። ማቀዝቀዣው ሠራ፤ መብራቱ ደመቀ። አጎቴ ይቆሙበት በነበረው ባዶ ቦታ ለመቆም ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ ቆሜ ሽቦውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው።

ሹፌሩ ግን መሪውን ይዞ ያየኛል እንጂ አይነቃነቅም። የሚጠብቀው ገባኝ።

«ኸላስ» አልኩት፤ «በሰላም ሂድ።»