ረጅም እጅጌ ይዤ ቦንጋ

ሐሙስ፣ ንጋት

ከአዲስ አበባ ስንነሳ ገና አልነጋም። ቬሎውን አቅፌዋለሁ፤ "ጣሪያ ላይ ይውጣ" ካለኝ የአውቶቡሱ ረዳት ጋር ተጣልቼ ነው ያስቀረሁት። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጊዜ ለሌለው፣ ዓይኑን ለማያምን ሰው ልብስ መርጬ እገዛለሁ፤ የገዛሁትንም በቪዲዮ እለቃለሁ። የአሁኗ ደንበኛዬ ምህረት የቦንጋ መምህርት ናት፤ ቅዳሜ ታገባለች። በአካል አልተያየንም። ፎቶዋን ልካ "አንቺ የወደድሽውን" ብቻ አለችኝ። ክንዶቿ ላይ ለምጽ አለ። እኔም ላይ አለ። እጮኛዬ ጥሎኝ የሄደው ሲወጣብኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጅጌዬን ሰብስቤ አላውቅም።

ከሰዓት፣ ጎጀብ

ጅማን አልፈን ወደ ወንዙ ስንወርድ ሙቀቱ ያፍናል። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

"እህቴ፣ በዚህ ሙቀት እስከ አንገትሽ ተቆልፈሽ! አውልቂው እንጂ!"

"ፀሐይ አይስማማኝም።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። አፌን ለመያዝ ያህል ሙዝ ገዝቼ በላሁ። ከዚያ ዳገት፣ ጫካ፣ ካፊያ፣ መንገድ ዳር ማር የያዙ ሴቶች። ቦንጋ ስንገባ መሽቷል።

አርብ፣ ቦንጋ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ምህረት ቬሎውን ለበሰችው፤ ልኳ ነው። አንገቱ ዝግ፣ እጅጌው እስከ አንጓዋ ዳንቴል፤ ጓንትም ጨምሬበታለሁ። በራሴ ኮርቼ መስታወት ያዝኩላት። ጓንቱን መልሳ ሰጠችኝ።

"አልወደድሽውም?"

"ያምራል። ግን መሸፈን ብፈልግ እዚሁ እገዛ ነበር። አንቺን የመረጥኩት ቪዲዮሽ ላይ ጣቶችሽ ላይ ያለውን ለምጽ አይቼ ነው። እሷ ታውቀዋለች፣ አትደብቀኝም ብዬ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለስንቱ ደንበኛ "በራስሽ ተማመኚ" ስል ኖሬ፣ ለእሷ የራሴን ሀፍረት ገዝቼ፣ አስጠቅልዬ አመጣሁላት።

ገበያው ውስጥ ወዳለው ልብስ ሰፊ፣ ወደ ጋሽ ሙክታር ሮጥን። መቀሱን ይዘው አመነቱ።

"ልጆቼ፣ ይሄ እጅጌ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።"

"ይቁረጡት ጋሼ" አለች ምህረት። እኔ ዓይኔን ከወለሉ አላነሳሁም።

ቅዳሜ

ክንዶቿን ገልጣ ወጣች። አክስቶቿ ተንሾካሾኩ፤ ሙሽራው ግን ክንዷን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳት። ፎቶ ሲነሱ ጠራችኝ።

"ነይ ከጎኔ ቁሚ። እጅጌሽን ሰብስቢ።"

"ምህረቴ፣ ዛሬ ያንቺ ቀን ነው፤ ተይኝ።"

"ቀኔ ስለሆነ እኮ ነው የምለምንሽ።"

ሰበሰብኩት፤ እስከ ክርኔ ብቻ። ከዚያ በላይ አልደፈርኩም። ፎቶው አሁን ስልኬ ላይ አለ። ሁሉም ካሜራውን ያያል፤ እኔ ክንዴን ነው የማየው።