«ቀጭ» የሚለው ላፕቶፕ

አምቦ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ የጊንጪ ጸሎት ቤት ሽማግሌ አስጠሩኝ። መዝሙር የሚያጫውቱበት ላፕቶፕ ዝም ባለ ቁጥር ከድምፅ ማጉያው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይወጣል።

«ነገ እንግዶች አሉብን» አሉ። «በጽሞና ጸሎት መሀል እንዳያሳፍረን።»

ላፕቶፑ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ሊኑክስ የውስጥ ቅንብሮቹን ፋይል አስመስሎ ያሳያል። ፋይሎቹ ዲስክ ላይ የሉም፤ ቁጥር ብትጽፉባቸው ግን ማሽኑ ወዲያው ይታዘዛል። የድምፅ ካርዱ ፋይል «ስልሳ» ይላል፤ ስልሳ ሰከንድ ጸጥታ ከሆነ ካርዱ ይተኛል፣ ሲተኛም «ቀጭ» ይላል። እንዳይተኛ ዜሮ ጻፍኩበት።

«ጠፍቶ ከበራ ወደ ስልሳ ይመለሳልና አታጥፉት» አልኳቸው። «ነገ ከጸሎት በኋላ ቋሚ አደርገዋለሁ።»

እሁድ መዝሙሩ ቆመ፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ አቀረቀረ። እኔ ላፕቶፑ አጠገብ ተቀምጬ በሥራዬ እኮራለሁ። ጸጥታው ረዘመ። ፓስተሩም ቀና አላሉም። እንግዶቹ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ይተያዩ ጀመር።

ኦቦ ቶለሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ማሎ መምህር፣ እባክህ አጥፍተህ አብራልን። ለካ አሜን የምንለው ያቺን «ቀጭ» ሰምተን ኖሯል።»