ያልተነበበች ቃል

ለመመረቂያ ጥናቷ ፈቃደኛ ሆነው ከመጡት ሁሉ ተማሪዋን እንቅልፍ የነሷት፣ ግራጫ ሻርፕ የማይለያቸው አንዲት ባልቴት ናቸው። ጥናቱ ስለ ማስታወስ ነው፤ እሷ ቃላት ታነባለች፣ እሳቸው የያዙትን ይደግማሉ። ባልቴቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ከተማሪዋ አጠገብ ወዳለው ባዶ ወንበር ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሲወጡም ሁለቴ እጅ ይነሳሉ፤ አንዴ ለእሷ፣ አንዴ ለወንበሩ። “የደጉ ዘመን ሰው” ብላ ስቃ አልፋው ነበር።

ታዲያ በመጡ ቁጥር፣ ደግመው ሲጨርሱ፣ ያልተነበበች አንዲት ቃል ይጨምራሉ፦ “ድንቡሼ።”

አማካሪዋን አልገረማቸውም። “ሰው ያልሰማውንም ሰማሁ ይላል፤ ስህተት ብለሽ መዝግቢው” አሏት። አልነገረቻቸውም እንጂ፣ ይህችን ከሲታ ልጅ ድንቡሼ ብላ የምትጠራት እናቷ ብቻ ነበረች። እሷም፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች ቆይታለች።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነውና አላስቻላትም። “እማማ፣ ይህችን ቃል መቼ አነበብኩልዎት?”

“አንቺማ መች አነበብሽ፣ ልጄ? አብራሽ የምታነበው ናት እንጂ።”

ባልቴቷ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሱ፤ ለወንበሩም እጅ ነሱ።

“እኔስ ቤቴ እገባለሁ። ይብላኝ ለእሷ፤ ጥናትሽ ሲያልቅ የት ልትቀመጥ ነው?”