የሁለት ሰው አንድ መልስ

ነጋዴው ደምሌ እህል የጫኑ አህዮቹን እየነዳ ከወገዳ ተነሥቶ መካነ ኢየሱስ ከተማ የገባው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። መምህር ቀለመወርቅ ሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር።

«የኔታ፣ እስቲ ጠመኔውን ያስቀምጡት።»

«ምነው?»

«መምህር ገብረ ኢየሱስ አረፉ። ተስቦ ነው። ሰኞ ቀበርናቸው።»

ቀለመወርቅ የጀመረውን ቃል ጽፎ ጨረሰና ልጆቹን አሰናበተ።

ሁለቱ መምህራን ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ አብረው የተማሩ ናቸው። አንዱ ሲመራ አንዱ እየተቀበለ፣ ከመምህራቸው አፍ የወጣውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያዙት። ሌላ አጠናን አያውቁም። ኋላ የመንግሥት አስተማሪ ሲሆኑ ቀለመወርቅ እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ገብረ ኢየሱስ ስማዳ ወገዳ ተመደቡ። በ፲፱፻፶፯ ክረምት ለማስተማሪያ ፈቃድ ደብረ ታቦር ሲፈተኑም፣ የሠለጠኑበት የመምህራን ማሠልጠኛ የሰጣቸውን ደብተር እንደ ድጓው ቃል በቃል ይዘውት ነበር።

የተቀመጡት በአዳራሹ ሁለት ጫፍ ነው። ሲመለሱ ገብረ ኢየሱስ መንገድ ላይ ጠየቀው።

«አንተ፣ ሦስተኛው ላይ ምን አልህ?»

«አንተ ያልኸውን።»

«እንግዲያ ወይ አብረን እናልፋለን፣ ወይ አብረን እንወድቃለን» ብሎ ሳቀ።

ውጤቱ በየማሠልጠኛው ተዘርዝሮ ሲመጣ የእነርሱ ማሠልጠኛ ከግርጌ ነበር። የሁለቱ ወረቀት ደግሞ ከነጭራሹ አልታረመም። ከፊደል እስከ ነጥብ አንድ ስለሆነ ስማቸው ከገልባጮች ዝርዝር ገብቷል። ኅዳር ላይ ቀርበው በቃል እንዲጠየቁ ተጠሩ። ቀለመወርቅ ገብሱ አውድማ ላይ ነበርና ቀኑ ወደ የካቲት እንዲዛወር ጻፈ። ገብረ ኢየሱስም ፈረመለት። ጥር ሳያልቅ ሞተ።

በየካቲት ቀለመወርቅ ብቻውን ቀረበ። ሦስት ፈታኞች ደብተሩን ገልጠው ተቀምጠዋል። ዐይኑን ጨፍኖ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። አንድ አንድ ቦታ ላይ ሳያስበው ዝም ይላል፤ ተቀባዩን እየጠበቀ ነው።

«ጨረሱ?» ይሉታል። ይቀጥላል።

«እርስዎ አልገለበጡም» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። «እንግዲህ የገለበጠው እርሱ ነው።»

«እርሱም እንዲሁ ይለው ነበር። አብረን ነው ያጠናነው።»

«ይሆናል። የሞተ ሰው ግን አይጠየቅም።» ፈቃዱ ላይ ማኅተም መታበት።

ለአርባው ወገዳ ሄዶ ለገብረ ኢየሱስ ባለቤት ለሐረገ ወይን የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ለእርስዎ ፈቃዱን ሰጡዎት?»

«ሰጡኝ።»

«አብረን ነው ይለኝ ነበር» አለች።

ቀለመወርቅ አሁንም ያስተምራል። ጮክ ብሎ ሲያነብ በዚያው በለመደው ቦታ ዝም ይላል፤ ልጆቹም የሚያዳምጠውን ሳያውቁ አብረውት ዝም ይላሉ። ፈቃዱን ከሣጥን አላወጣውም። የጓደኛው ስም እንዲሰረዝ ሦስት ጊዜ አመልክቷል፤ መልስ አልመጣም። የገብረ ኢየሱስ ስም ከገልባጮች ዝርዝር አልተሰረዘም።